ሁለት ሴኮንድና የአንድ መንደር መብራት

በሩጫው ዓለም አዘውትረው ከሚወሱት ስሕተቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 በኒውዮርክ ማራቶን ላይ የደረሰው ነው። ሜክሲካዊው ኸርማን ሲልቫ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ፣ ለመጨረሻው መሥመር ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ርቀት ሲቀረው፣ ከፊቱ የነበረው ተሽከርካሪ ከውድድሩ ጎዳና ወጥቶ ወደ ሴንትራል ፓርክ ሲታጠፍ እርሱም ተከትሎ ታጠፈ። መሳሳቱን ዐውቆ ሲመለስ የአገሩ ልጅ ቤንሃሚን ፓሬዴስ ቀድሞት ሄዷል። ሲልቫ ግን ደርሶበት አለፈውና በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ገባ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 2 ሴኮንድ ብቻ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር የሚመረጠው የሚያስቀው ክፍል ነው። እኛ በበኩላችን ሯጩን ከጥፋት ነፃ አናደርገውም። የሚሮጥበትን መንገድ አስቀድሞ ማጥናት የራሱ ግዴታ ነበር፤ ከፊት የሚሄድ ሁሉ መንገድ መሪ አለመሆኑን ወታደር የሆነ አንባቢያችን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የምናደንቀው ቆሞ ጥፋተኛ ሳይፈልግ ፊቱን መመለሱን ነው።

ይሁን እንጂ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚያ ማዕዘን አይደለም። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን ወርቅ ባገኘበት በ1968 ሲልቫ የተወለደባት ቴኮማቴ፣ በቬራክሩዝ ግዛት የምትገኝ አነስተኛ መንደር ናት። እስከዚያ ድል ድረስ የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራትም። ከድሉ በኋላ የግዛቱ ገዥ ምን እንዲደረግለት እንደሚሻ ሲጠይቀው ሯጩ ለመንደሩ መብራት ለመነ፤ መብራቱም ገባ።

የልጁ ሥራ ያኰራል። የሚያጠያይቀው የገዥው ቸርነት ነው። ምሰሶ ለመትከልና ሽቦ ለመዘርጋት የሚበቃ ገንዘብና ሠራተኛ ከድሉ በኋላ ከተገኘ፣ ከድሉ በፊት አልነበረም ብሎ ማመን ያስቸግራል። ሲልቫ ጥቂት ሴኮንድ ቢዘገይ ኖሮ የቴኮማቴ ልጆች በጨለማ ሊቀሩ ነበርን? ለሕዝብ የሚገባው አገልግሎት በሽልማት መልክ ከታደለ፣ ሯጭ ያላፈራ መንደር ምን ይዋጠው?

ሴኮንድ ደግሞ ታማኝ ወዳጅ አይደለችም። የሲልቫ አሠልጣኝ የነበረው ሮዶልፎ ጎሜዝ በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ ማራቶን 6ኛ ሲወጣ፣ እግር በእግር ተከትሎት 7ኛ የሆነው የእኛው ደረጀ ነዲ ነበር። ያው ጎሜዝ በ1982 በኒውዮርክ በአልቤርቶ ሳላዛር የተቀደመው በ4 ሴኮንድ ነው። ሲልቫም ራሱ በ1994፣ ከኒውዮርኩ ድል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ለንደን ላይ በአበበ መኮንን በ1 ሴኮንድ ተበልጦ 3ኛ ሆኗል። በዚህን ያህል ጠባብ ልዩነት ላይ የአንድ መንደር ኑሮ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ሲልቫ በ1995 ኒውዮርክን ደገመ፤ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ 6ኛ ወጣ። ውድድር ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2021 ማብቂያ ከቲዋና ተነሥቶ አገሩን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ አቋርጦ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቱሉም ደርሷል። በዚያ ረጅም መንገድ ካለፈባቸው መንደሮች መካከል፣ ምን እንደሚሹ ገዥ መጥቶ የጠየቃቸው ስንቶቹ ይሆኑ?