ቅንፉ ይዋሻል

«ሲ ላይ አሬይ ለፈንክሽን ሲሰጥ በሪፈረንስ ያልፋል።» በየክፍሉ የሚደጋገም ዓረፍተ ነገር ነው። ስህተትም ነው።

በሲ ቋንቋ ሁሉም ነገር የሚያልፈው በኮፒ ነው። አሬይ ሲሆን ግን ኮፒ የሚደረገው አሬዩ ሳይሆን የመጀመሪያው ኤለመንት አድራሻ ብቻ ነው። ርዝመቱ በር ላይ ይቀራል።

ያልተዋጠለት ይሞክረው። አሥር ኢንት የያዘ አሬይ ዛሬ ባሉት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ በሳይዝኦፍ ሲለካ 40 ባይት ነው። ፈንክሽኑ ውስጥ ሲለካ ግን 8 ይሆናል፤ የፖይንተር መጠን ማለት ነው። 8 ለ4 ሲካፈል 2። ሉፑ ሁለቱን ኤለመንት አይቶ ስምንቱን ይተዋል። ፓራሜተሩ ላይ በቅንፍ ውስጥ 10 ተብሎ ቢጻፍም ቋንቋው ቁጥሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

«ፕሮግራመሩ ይጠንቀቃ!» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ጥንቃቄ ምን አተረፈ? እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ዎርም ከገባባቸው በሮች አንዱ ጌትስ የተባለው ፈንክሽን ነበር። አድራሻ ይቀበላል፤ ቦታው ስንት እንደሚይዝ ግን አይጠይቅም። 512 ባይት በሚይዝ ቦታ ላይ ከዚያ በላይ ተደፋበት። ጌትስ ከቋንቋው ስታንዳርድ የወጣው በ2011 ነው፤ ከ23 ዓመት በኋላ! በ2014 ደግሞ ኸርትብሊድ መጣ። ሰርቨሩ ጠያቂው የነገረውን ርዝመት አምኖ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ሚሞሪ አሳልፎ ሰጠ። ያንን ኮድ የጻፉት ጀማሪዎች አልነበሩም።

«ርዝመት መሸከም ፍጥነት ይቀንሳል» የሚለውም ክርክር አያስኬድም። ጠንቃቃ ፕሮግራመር ርዝመቱን በሁለተኛ አርጊዩመንት እየላከ ዋጋውን ድሮውንም ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ያለ ዋስትና ነው፤ ቁጥሩና አሬዩ መዛመዳቸውን የሚያረጋግጥለት የለም። የቋንቋው አባት ዴኒስ ሪቺ ራሱ በ1990 ርዝመቱን አብሮ የሚይዝ ፖይንተር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስታንዳርዱ አልተቀበለውም።

ቋንቋውን መለወጥ የመምህራን ሥልጣን አይደለም። አነጋገሩን ማረም ግን የእነሱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የሚያልፈው አድራሻ ነው፣ ርዝመቱን ለብቻው ላክ» ይበሉ። ፓራሜተሩንም በቅንፍ ሳይሆን በኮከብ ይጻፉት፤ ተማሪው የያዘውን ይወቅ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።