ለጓሳ ሣር ዘብ ቆሟል፤ ለእረኛው እግርስ?

ጎበዝ! አንድ ነገር ልጠይቅ። የጓሳ ሣር ጠባቂ አለው። ቀይ ቀበሮው ቆጣሪ አለው። ጭላዳውም ፎቶ አንሺ አጥቶ አያውቅም። ከጓሳ ገደል ወድቆ እግሩ የተሰበረ እረኛስ ማን አለው? ወጌሻ አለው። ከወጌሻው ቀጥሎስ? እግዜር!

አንዳንድ የከተማ ሐኪሞችና የጤና ሹማምንት «ወጌሻ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይከሰክሳል። «ጎጂ ልማድ» ይሉታል። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ወጌሻውን የሚተካ ነገር አምጡና ከዚያ አውግዙት! የመንዝ ገበሬ ወደ ወጌሻ የሚሄደው ራጅና ጀሶ ጠልቶ መሰላችሁ? ወጌሻው ጎረቤቱ ነው። በሌሊት ቢጠራ በርኖሱን ደርቦ ይመጣል። ካርድ አውጣ፣ ነገ ተመለስ፣ ፊልም አልቋል አይልም። ሕክምና ፍለጋ የወጣ ግን በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ «ሪፈር» ተብሎ ደብረ ብርሃን፣ ካልሆነም ጥቁር አንበሳ! በግ ተሸጦ የማያልቅ ጣጣ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይሄ ነው።

ይህን ስል ወጌሻውን ላሞካሽ አይደለም። ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ እጅና እግራቸው የሚቆረጠው ሕፃናት ሁሉ ስብራታቸው ስለከፋ አይደለም። ማሰሪያው ስለጠበቀ የሚቆረጡም አሉ። ነገሩ ምሥጢር የለውም። የተሰበረ አካል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። የቀርከሃው ስንጥር ዙሪያውን ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደምም ይቆማል። ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም ከስድስት ሰዓት ገደማ በላይ አይቆይም። ልጁ «አመመኝ» ብሎ ሲጮህ «ቻለው፣ እየገጠመ ነው» ይባላል። ኋላ ጩኸቱ ይቆማል። ተሻለው ተብሎ እፎይ ሲባል፣ ለካስ ነርቩ ደንዝዟል! ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው መጋዝ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ሚሊዮን ብር? የውጭ ኤክስፐርት? ኧረ አይደለም! ዶክተር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። አንድ ቀን! በውሎ አበል ስብሰባ ስንት አንድ ቀን ይባክናል?

ለመሆኑ በአንድ ቀን ምን ይማራሉ? ማሰሪያ አይጠብቅም። ጣት አይሸፈንም፤ ጠዋት ማታ ይታያል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሲዘረጋ ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታል፤ በሽተኛውም ሆስፒታል ይላካል። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ አይታሽም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ሆስፒታል ነው። የሕፃን ክርን ካበጠም ቅቤ ተቀብቶ አይታሽም። አለቀ! ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

«ባላገር አይማርም» ባዮች መልሳቸው እዚያው ጓሳ ላይ አለ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ በአባ ቄራ እየተመራ ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በቀጠሮ የሚያጭድ ሕዝብ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጓሳውን መጠበቁን አልተወም፣ ኋላም ኮሚቴ አቋቁሞ ቀጠለበት። ዛሬ ፈረንጁም ሹሙም ያንን ጥበብ ያወድሱታል። ሣር መቼ እንደሚታጨድ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ማሰሪያ መቼ እንደሚላላ ማወቅ ያቅተዋል? ወይስ ከእረኛው እግር የጓሳ ሣር ይበልጣል?

ስለዚህ ጌቶቻችን ሆይ፣ ጥያቄያችን ሁለት ብቻ ነው። ወጌሾቹን በየቀበሌው ሰብስባችሁ አስተምሩልን። ወጌሻው «ይሄ ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ የላከውን በሽተኛ ደግሞ ራጅና ጀሶ አዘጋጅታችሁ፣ ሳታንጓጥጡ ተቀበሉልን። ወጌሻን መስደብ ቀላል ነው፤ የተቆረጠ እግር ግን ተመልሶ አይበቅልም። ሣሩስ በዓመቱ ይበቅላል!

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቸር ያሰማን።