ከቅጠል ስለሚወለድ የቡና ችግኝ

በየወረዳው የእርሻን ሥራ የምትመሩ ሹማምንት ሆይ፤ ቡና ከፍሬው ተዘርቶ እንደሚበቅል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከቅጠሉ መወለዱ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

በቅጠሉ ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ሕዋስ ሙሉ ተክል የሚያበቅለው ጂን ሁሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ፅንስ የሚሠሩት ጂኖች ተኝተው፣ የቅጠል ሥራ የሚሠሩት ብቻ ነቅተው ይኖራሉ። ቁራጩ ቅጠል ስኳር፣ ማዕድንና የዕድገት ሆርሞን ባለበት ምግብ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌክ አንድና ቤቢ ቡም የሚባሉትን የመሰሉ የፅንስ ጂኖች ይነቃሉ። ቅጠሉም የቀድሞ ግብሩን ትቶ ቅርጽ የሌለው እብጠት ያወጣል፤ ከእብጠቱም ያለ አበባና ያለ ፍሬ ብዙ ፅንስ ይወለዳል። በሮቡስታ ቡና ይህን የመሰለ ነገር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ስታሪትስኪ የተባለ ተመራማሪ ገልጦ ነበር።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። በጅማ የተገኘው አባ ቡናን የመሰለ ድቅል ፍሬው ብዙ ቢሆንም፣ ከራሱ ፍሬ የተዘራው ልጅ እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ አበባውን በእጅ እያዳቀሉ ዘር ማውጣትም አድካሚ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የምንደግፈው በሙሉ ልብ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበናል። የእብጠቱ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ብዙ ወራት ሲቆይ የጂኑ ሥርዓት እየተናጋ ከዘሩ ያፈነገጠ ችግኝ እንደሚበዛ በአረቢካ ቡና ላይ በተደረገ ምርመራ ታውቋል። አንዳንዱ ጉድለት ገና በችግኝነቱ ይታያል፤ ሌላው ግን ተሰውሮ ይቆይና ተክሉ ሲያፈራ ይገለጣል። ቡናም እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። በዚያን ጊዜ ገበሬው መሬቱንና ድካሙን ከስሮ ይገኛል፤ የሚወቀሰውም ቤተ ሙከራው ሳይሆን ችግኙን ያደለው ሹም ነው።

ጥያቄ ማብዛት ሥራ ያዘገያል የሚሉ አሉ። በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሷን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥምና ይህን አሳብ አንቀበለውም። ሹሙ ችግኝ ሲረከብ እናቲቱ ዛፍ የትኛዋ እንደሆነች፣ ቅጠሉ የተቆረጠበት ቀን፣ ሕዋሱም በቤተ ሙከራ የቆየበት የወር ብዛት በጽሑፍ ይሰጠው። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ችግኙ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ከችግኝ ጣቢያው አይውጣ።