ሦስት ደቂቃና አንድ ነፍስ



የከተማችን የአዲስ አበባ መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋና እየተስተካከለ መሔዱ ሁላችንንም ያስደስተናል። ነገር ግን መንገዱ ባማረ ቁጥር የሾፌሩ እግር በነዳጅ መስጫው ላይ እየከበደ ይሔዳል። መንገዱን የሚሻገረው ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው እግረኛ ነው፤ ከእርሱም መካከል ደወል እንዳያመልጠው የሚሮጠው ተማሪ ይገኛል። ስለዚህ የፍጥነት ወሰን ነገር ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚተው ሳይሆን የእኛም ጉዳይ ነው።

በፊዚክስ እንደ ተማርነው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመኪናው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሔድ መኪና፣ ሾፌሩ በ1 ሴኮንድ ውስጥ ነቅቶ ፍሬን ቢይዝ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ60 የሚሔደው ግን ገና ፍሬን ሳይያዝ 16 ሜትር ያልፋል፤ እስኪቆምም 36 ሜትር ያኽል ይፈጅበታል። እንግዲህ አንድ ሕፃን በ15 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና ሳይነካው ይቆማል፤ ሁለተኛው ግን ፍጥነቱ ምንም ሳይቀንስ ይመታዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ያሳሰበው በከንቱ አይደለም።

የቸኮለው ሾፌርስ ምን ያተርፋል? ሦስት ኪሎ ሜትር በ60 ፍጥነት 3 ደቂቃ፣ በ30 ፍጥነት 6 ደቂቃ ይፈጃል። ትርፉ 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እርሱንም ቀይ መብራት መልሶ ይወስድበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፣ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ይሁን እንጂ ወሰኑን በሰሌዳ ጽፎ መትከል ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠብቀው ዓይን ያስፈልገዋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ሌሊትና ቀን አይደክምም፣ አማላጅ አይሰማም፣ ባለ ሥልጣን ነው ብሎ አያልፍም። የሚያስገርመው ደግሞ ይህን መሣሪያ ካስገኙት ሰዎች አንዱ ራሱ የመኪና ተወዳዳሪ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎን ውድድር ያሸነፈው ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ፣ መጀመሪያ የራሱን ፍጥነት ለመለካት የሠራው መሣሪያ ኋላ ለፖሊስ አገልግሎት ዋለ።

በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ2002 ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተው ነበር። ካሜራዎቹ በ2003 መተከል ጀመሩ፤ ከሌሎች ጥንቃቄዎችም ጋር ተባብረው በ2010 የሟቾቹ ቁጥር ከ4 ሺህ በታች ወረደ። ሆኖም በ2018 መጨረሻ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰልፈኞች በተነሡ ጊዜ፣ የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው የተባለው ካሜራ በብዙ ስፍራ ተሰባበረ። ከዚህ የምንማረው ሕዝብ ያላመነበት ሕግ እንደማይጸና ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ካሜራ የሚተከለው ተደብቆ ሳይሆን በግልጽ መሆን አለበት፤ አስቀድሞም በሰሌዳ ይነገር። ቦታውም ገንዘብ በሚገኝበት ሳይሆን ሰው በሚሞትበት፣ ይልቁንም በትምህርት ቤት ደጃፍ ይሁን። የቅጣቱም ገንዘብ ለእግረኛ መንገድና ለመሻገሪያ ይዋል። ከሁሉም በላይ የታክሲ ባለንብረት ከቅጣቱ ድርሻውን ይቅመስ፤ ሾፌሩን የሚያስቸኩለው ብዙ ጊዜ ማታ የሚያስረክበው ገንዘብ ነውና።

እኛም ተማሪዎች ሲረፍድብን «ቶሎ በል፣ ንዳው!» ማለትን እንተው። ወላጆቻችንም በየቤታቸው መኪና ሲያስነሡ ከፊታቸው የሚሻገረው ልጅ የሰው ሳይሆን የራሳቸው ልጅ እንደ ሆነ አድርገው ይንዱ። ሦስት ደቂቃ ብንዘገይ መምህራችን ይቈጡናል፤ ጨርሶ ከመቅረት ግን መቈጣቱ ይሻላል።