የጠንካራ አሲዶች መነጣጠልና የአንዲት መስመር ምስክርነት

በመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ትምህርት፣ ጠንካራ አሲድ ማለት በውኃ ውስጥ «ሙሉ በሙሉ» የሚነጣጠል አሲድ ነው ይባላል። አባባሉ ለቀጠነ ሙሙት ያገለግላል፤ 0.1 ሞላር በሆነ የናይትሪክ አሲድ ሙሙት ውስጥ ሳይነጣጠል የሚቀረው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በክብደት 68 በመቶ ገደማ ሆኖ በጠርሙስ በሚቀርበው አሲድ ውስጥ ግን ጉልህ ክፍሉ ሳይነጣጠል ይገኛል። እንግዲያው መጠኑ መለካት አለበት።

ለዚህ ከዋሉት ዘዴዎች አንዱ ኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጉቶውስኪና ሳይካ፣ በ1954 ደግሞ ሁድ፣ ሬድሊክና ራይሊ የአሲድ ሙሙቶችን የፕሮቶን መስመር መርምረዋል። ፕሮቶኖች በውኃ፣ በሃይድሮኒየምና በአሲዱ ሞለኪውል መካከል እጅግ ፈጥነው ስለሚዘዋወሩ፣ መሣሪያው የሚያሳየው ሦስት መስመር ሳይሆን አንድ ብቻ ነው። የመስመሩ ቦታ የሦስቱ አማካይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ወገን በአማካዩ ውስጥ የሚመዝነው በያዘው የፕሮቶን ብዛት ልክ ነው። የመነጣጠሉ መጠን የሚሰላውም ከዚሁ ነው።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። አንድ አማካይ ለሦስት ሊከፈል የሚችለው የእያንዳንዱ ወገን መስመር ለብቻው የት እንደሚውል ሲታወቅ ነው። ንጹሕ ውኃንና ንጹሕ ናይትሪክ አሲድን መለካት ይቻላል፤ ሃይድሮኒየምን ግን ለብቻው በጠርሙስ ያኖረ የለም። ቦታው ከቀጠነ ሙሙት ይገመትና፣ አሲዱ ሲበዛም እንደማይለወጥ ይታሰባል። ይሁንና የውኃው የሃይድሮጅን ትስስር ራሱ በአሲዱ ብዛት ይለወጣል። ለፐርክሎሪክ አሲድ የፕሮቶኑ ስሌት ውሱን የመነጣጠል ቋሚ ሲሰጥ፣ ራማን ስፔክትሮስኮፒ ብዙ ሞላር በደረሰ ሙሙት እንኳ ያልተነጣጠለ ሞለኪውል አላሳየም። ለናይትሪክ አሲድ ሁለቱ ዘዴዎች ይቀራረባሉ፤ የናይትሬትና የሞለኪውሉ ንዝረቶች በራማን ተለይተው ስለሚታዩ ስሌቱን ማመሳከር ይቻላል።

መሣሪያው የመስመሩን ቦታ እጅግ በረቀቀ ሁኔታ ይለካል የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የረቀቀው ግን የመስመሩ ቦታ እንጂ ከእሱ የሚወጣው ድርሻ አይደለም። ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፎቻችን የመነጣጠል ቋሚ ሲቀርብ፣ ለሃይድሮኒየም የተወሰደው ቦታና የተለካው የአሲድ መጠን ወሰን ከቁጥሩ ጎን ይጻፉ፤ የሚያመሳክር ሁለተኛ ዘዴ ከሌለም ውጤቱ «ተለካ» ሳይሆን «ተሰላ» ተብሎ ይቅረብ።