ኳስ ነው ወይስ ጨረታ?

የአሜሪካው ሊግ (ኤምኤልኤስ) አዲስ ከተማ ሲመርጥ «በጥናት ነው» ብላችሁ ለተከራከራችሁኝ የድሮ ተማሪዎቼ፦

ሳክራሜንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 «ገብተሻል» ተባለች። በ2021 ዋናው ባለሀብት ሮን በርክል ከነገሩ ወጡ፣ በቃ፣ ቀረ! ደጋፊው ግን የትም አልሄደም። ያው ቡድን በ2022 ከታችኛው ሊግ ተነስቶ ሦስት የኤምኤልኤስ ክለቦችን ጥሎ ለዩኤስ ኦፕን ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። ሜዳ ላይ ከዚህ በላይ ምን ያሳይ?

እዚያ ግን አሸንፎ ማደግ የለም፣ ተሸንፎ መውረድም የለም። ሳንዲያጎ የገባችው ባለቤቶቿ 500 ሚሊዮን ዶላር ስለከፈሉ ነው። ቶሮንቶ በ2007 ስትጀምር ክፍያው 10 ሚሊዮን ነበር!

ገንዘብ የሌለው ክለብ እንደሚፈርስ አውቃለሁ፣ እኛም አገር አይተነዋል። ግን የገንዘብ አቅም መመዘኛ ይሁን እንጂ ብቸኛው በር ለምን ይሆናል? እስቲ መልሱልኝ።