የቀረችውን ፈረስ መብላት ያዋጣል?

ሰንጠረዥ ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ። አንዱ ተጫዋች ንጉሡና አንድ ፈረስ ብቻ ቀርተውታል። ሌላው ሁለት ደር፣ አንድ ፈርዝና ሦስት መደቅ ይዟል። ባለ ብዙው ፈረሷን ቢበላት ምን ያገኛል? የዛሬን ቼዝ የለመደ ሰው ሳያስብ «ይበላታ!» ይላል። በሀገሩ ደንብ ግን ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም፤ ጨዋታው አቻ ነው። የበላው ሰው እጁ የገባውን ድል መልሶ ጣለው ማለት ነው።

እሺ፣ አይብላት። አሁን ደግሞ ሌላ ደንብ ይመጣል። ተጋጣሚ ከንጉሡ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው፣ ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሷ በፊት ማት መደረግ አለበት። ካልሆነ አቻ። ስለዚህ ጉልበተኛው ፈረሷን ሳይነካ፣ እየተቆጠረበት፣ ንጉሡን ማነቅ ይኖርበታል። ደካማው ብልህ ከሆነ ፈረሱን አያሸሽም። እንዲያውም የጠላትን ንጉሥ በሚያሰጋና እሷን ከመብላት በቀር መውጫ በሌለው ቦታ ይደነቅራታል። ሲበሏት አቻ!

ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ ጨዋታ? መልስ ለመስጠት ደንቡ ምን እንደሚል ብቻ ማየት አይበቃም፤ ለምን እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል። በሰንጠረዥ ማት ሁሉ እኩል አልነበረም። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ማት ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የተገኘ ግን ይከበራል። ይህን ይዞ ወደ ሁለቱ ደንቦች የተመለሰ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጨዋታው ጠላትን መግፈፍ ማሸነፍ ነው ብሎ አያምንም። ጉልበት ያለው በብልሃት ይግደል፣ ቶሎም ይግደል ነው የሚለው። እንግዲያው ፈረሱን አስበልቶ ያመለጠው ደካማ ደንቡን አልሰበረም። ጥፋቱ ያን ሁሉ ሠራዊት ይዞ እዚያ ጥግ የገባው ሰው ነው።

ከባዱ ጥያቄ የመደቅ ነው። የሰባቱ ቆጠራ ለትልልቆቹ ጠጠሮች እንጂ ለመደቅ አይሠራም። ንጉሡና አንድ መደቅ የቀሩት ሰው መደቁን መጨረሻው መስመር አድርሶ ፈርዝ ቢያደርገውስ? ቆጠራው የሚጀምረው መቼ ነው? በደንቡ ዓላማ ከሄድን ፈርዙ ከተሾመ በኋላ ከሚያደርገው የመጀመሪያ እርምጃ መሆን አለበት። የሚቆጠረው የትልቅ ጠጠር እርምጃ ነው፤ መደቅ ሳለ የሄደው ሊታሰብበት አይገባም። ሌላ የሚል ካለ ይሟገት፤ የሚያምረውም እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ወረራ አለ። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እንደ ፈቀዱ፣ እንደ ፈጠኑ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ ነው። ሁለት እጅ እኩል ቢዘረጋስ? ዳኛ ማን ነው? እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ያየውን ሲጽፍ፣ ተመልካቹ ዝቅ ያለው ሰው ሳይቀር እየጮኸ ይመክር እንደነበር ይነግረናል። ዳኛው ከበው የቆሙት ሰዎች ነበሩ ማለት ያስኬዳል። ዛሬ ሰንጠረዥን ወደ ስልክ መተግበሪያ ላምጣ የሚል ወጣት ቢነሣ መጀመሪያ የሚቆርጠው ወረራን ይሆናል፤ ለኮምፒውተር ተራ ይቀላላ! ወረራ የሌለው ሰንጠረዥ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ቼዝ ነው።

ፈረንጆቹም ከዚህ ጭቅጭቅ አልወጡም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ካወጡ ጀምሮ አስማተኛና ዘንዶ የሚጫወቱ ሰዎች በሁለት ደንብ መካከል ሲነታረኩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም አንድ መርህ አስቀመጠላቸው፦ ልዩው ደንብ አጠቃላዩን ይሽራል። የቀረውን የጨዋታው መሪ ይፍረድ።

ለመንዝና ለመርሐቤቴ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አጠቃላዩ ደንብ ትልቅ ሰው ይከበራል፣ ጌታ ፊት ድምፅ ዝቅ ይላል ነው። የገና ዕለት ሩሯ ሜዳ ላይ ስትወድቅ ግን ጌታም ቢሆን አይቆጣም፤ ቢሰደብም፣ ዱላ ቢያገኘውም ችሎ ይጫወታል። የዕለቱ ደንብ የዓመቱን ሽሮታል። በማግስቱ ያንኑ ስድብ የደገመ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል።

መንዝ ደግሞ ደንብን ከደንብ ማጋጨት ያውቅበታል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ ስለ መንዝ ሲጽፍ ለርስት ሙግት ሰፊ ቦታ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በማማ፣ በላሎም ሆነ በጌራ ምድር በላ ልበልሃ ብሎ የቆመ ባለርስት ወግ ጠቅሶ ይነሣ ነበር፤ ባላጋራው ሌላ ወግ ይጠቅስበት ነበር፤ የትኛው ለዚህ ጉዳይ እንደሚሠራ የለየ ይረታ ነበር። ይህን ችሎታ ለሰንጠረዥ ማዋል ማንን ገደለ?

የሰንጠረዥ ደንብ ዛሬ በብዛት የሚገኘው እንደ ፕላውደን ባሉ ተጓዦች መጻሕፍትና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት ውስጥ ነው። እነዚህ ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ በደንብ ይነግሩናል። ደንብ ከደንብ ሲጋጠም ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው የተጫወተ ሰው ነው። ስለዚህ ቤቱ ሰንጠረዥ የተጫወቱ አያት ያሉት ሰው «ፈረስ እንዴት ይሄዳል?» ብሎ አይድከም። መደቁ ፈርዝ ሆኖ ንጉሡ ብቻውን ከእሱ ጋር ሲቀር፣ ቆጠራውን ከየት ይጀምሩ እንደነበር ይጠይቃቸው።